“ሰው ምን ይለኛል?”፦ ስለ ይሉኝታ የጥንት ፈላስፎች ያሉትና የዛሬ ሳይንስ የደረሰበት

“ሰው ምን ይለኛል?” የሚለው ጥያቄ አማርኛ ተናጋሪው በሄደበት ሁሉ አብሮት ባሕር ይሻገራል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የቢከን ሂል ኮረብታና ከሥሩ በተዘረጋው የሬይኒየር ሸለቆ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የከተማዋ አስተዳደር መረጃዎቹን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። እንደ ሌሎቹ የስደት ከተሞች ሁሉ፣ እዚህም ለሠርግ ከአቅሙ በላይ የሚበደር፣ ዲግሪ እያለው ታክሲ እንደሚነዳ ለአገር ቤት ዘመዶቹ የማይናገር፣ የልጁን ሕመም ከጎረቤት የሚሸሽግ ሰው ታሪክ እንግዳ አይደለም። ውሳኔዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም ከጀርባቸው ያለው ስሌት አንድ ነው።

ይህን ስሌት ለመረዳት የሚያግዙ ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት በአቴንስ የተመሠረተው የስቶይኮች ፍልስፍና ነው። ሁለተኛው ያለፉት ሰባ ዓመታት የሥነ ልቦና ጥናትና ሕክምና ነው። ከሕክምናዎቹ አንዱ የተወለደው እዚያው ሲያትል፣ ከቢከን ሂል ተሳፍረው ባቡር ሳይቀይሩ በሚደርሱበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሁለቱም ምንጮች “ይሉኝታህን ወዲያ ጣል” ከሚለው የተለመደ ምክር የተለየና ጠለቅ ያለ ነገር ይነግሩናል፦ ይሉኝታ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሊጠበቅ፣ ሌላው ሊለቀቅ ይገባዋል።

ስም እንደ ዋስትና

ቃሉ ራሱ ትርጉሙን ይዞ ይመጣል። ይሉኝታ “ይሉኛል” ከሚለው የወጣ ነው፤ ሌሎች ስለ እኔ የሚሉት፣ ወይም ይሉ ይሆናል ብዬ የምፈራው። በአማርኛ ደግሞ ቃሉ ሁለት ፊት አለው። “ይሉኝታ ይዞት ነው” ስንል ሰውየው መናገር የሚገባውን ሳይናገር መቅረቱን እየነቀፍን ነው። “ይሉኝታ ቢስ” ስንል ግን ከባድ ስድብ መናገራችን ነው። አንድ ቃል በመብዛቱም በመጥፋቱም የሚያስነቅፍ ከሆነ፣ በውስጡ ከአንድ በላይ ነገር መኖሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ይሉኝታ ያለ ምክንያት የበቀለ ልማድ አይደለም። ባንክ፣ ኢንሹራንስና ፍርድ ቤት በቅርብ በማይገኙበት የገጠር ኑሮ የሰው ዋስትና ስሙ ነበር። በደቦ እርሻው የሚታረሰው፣ በእድር ሬሳው የሚነሣው፣ በእቁብ ገንዘብ የሚታመነው ስሙ ሲጠበቅ ነው። ሐሜት በዚያ ሥርዓት ውስጥ መረጃ ማስተላለፊያ ነበር፤ ማን እንደሚታመንና ማን እንደማይታመን በቡና ላይ ይጣራል። “ስም ከመቃብር በላይ ነው” የሚባለውም ስም በእርግጥ ዋጋ ስለነበረው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርክ ሊሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ይህን ከአንድ ማኅበረሰብ ባህል አልፎ ለሰው ልጅ ሁሉ ያሰፋዋል። በእነርሱ አመለካከት ለራሳችን የምንሰጠው ግምት የነዳጅ መለኪያን የመሰለ መሣሪያ ነው፤ የሚለካውም በሌሎች ዘንድ ምን ያህል ተቀባይነት እንዳለን ነው። መርፌው ሲወርድ ይጨንቀናል፣ ጭንቀቱም ግንኙነታችንን እንድንጠግን ይገፋፋናል። ለብቻው መኖር ለማይችል ፍጡር እንዲህ ያለ መለኪያ መኖሩ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ምህንድስና የተማረ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ መለኪያ በትክክል ያነባል ወይ?

መለኪያው ሲያጋንን

እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ሙከራ ያሳተሙት ይህንኑ ለመመለስ ነበር። ተማሪዎችን ባሪ ማኒሎው የተባለው ዘፋኝ ፎቶ ያለበት ቲሸርት አስለበሷቸው፤ በዕድሜ እኩዮቻቸው ዘንድ የሚያሳፍር ዓይነት ልብስ ነበር። ከዚያም ሌሎች ተማሪዎች ወደ ተቀመጡበት ክፍል አስገብተው ጥቂት ካቆዩአቸው በኋላ “በክፍሉ ካሉት ስንቶቹ ቲሸርትህ ላይ ያለውን ሰው የሚለዩ ይመስልሃል?” ብለው ጠየቋቸው። የለባሾቹ ግምት ግማሽ ያህሉ የሚል ነበር። በእርግጥ ያስተዋሉት ግን ሩብ ያህል ብቻ ነበሩ።

ተመራማሪዎቹ ሙከራውን በማያሳፍር ልብስም ደገሙት። ለባሾቹ ከቦብ ማርሌይ፣ ከማርቲን ሉተር ኪንግና ከኮሜዲያኑ ጄሪ ሳይንፌልድ ምስሎች አንዱን መርጠው ለበሱ። ግምታቸው አሁንም ግማሽ ያህል ሆነ፤ ያስተዋሉት ግን ከአሥር አንድ እንኳ አልሞሉም። ክስተቱ የመድረክ መብራትን በሚያስታውስ ስም ይጠራል፤ እያንዳንዳችን መብራቱ በእኛ ላይ የበራ ይመስለናል፤ ተመልካች ያልነው ሰው ደግሞ በራሱ መብራት ተጠምዷል።

ሌላ ጥናት ስሕተቱ በመታየት ብቻ እንደማይወሰን ያሳያል። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ካነጋገሩ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው ጠየቁ። አብዛኞቹ ባልንጀራቸው እነርሱን የወደደበትን መጠን ከእውነቱ አሳንሰው ገመቱ። መለኪያው ስንታይ አብዝቶ፣ ስንወደድ አሳንሶ ያነባል ማለት ነው፤ ሁለቱም ስሕተት ወደ ፍርሃት ያጋድላል።

ይህ ማለት ግን ሕመሙ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ሰዎች በኮምፒውተር የኳስ ቅብብል ጨዋታ ሲገለሉ አንጎላቸውን በምስል መሣሪያ ተከታትለዋል። በመገለሉ ጊዜ ሥራው ከጨመረው የአንጎል ክፍል አንዱ በአካል ሕመም ጊዜም የሚነቃው ነበር። ያ የአንጎል ክፍል ሌሎች ብዙ ተግባራት ስላሉት የውጤቱ ትርጓሜ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሆኖም በሐሜት የተጎዳን ሰው “ምን አስጨነቀህ፣ ወሬ ብቻ እኮ ነው” ብሎ ማለፍ ቀላል መልስ እንጂ ትክክለኛ መልስ እንዳልሆነ ያስገነዝበናል።

አሁን ወደ ቢከን ሂል እንመለስ። በመንደር የተቃኘው መለኪያ ከባለቤቱ ጋር ተሰድዷል፤ አካባቢው ግን ተለውጧል። ኪራዩን የሚከፍለው ደመወዙ ነው፤ የሚታከመውም በኢንሹራንስ ነው። በሌላ በኩል ተመልካቹ በዝቷል፤ በስልኩ ውስጥ ያለው የቴሌግራምና የፌስቡክ መንደር ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ ይደርሳል። ለሃምሳ አባወራ የተሠራ መለኪያ ለሺህ ሰው አስተያየት ሲጋለጥ ያለማቋረጥ ማስጠንቀቂያ ቢያሰማ አይገርምም።

የምስር ሾርባ የፈሰሰበት ፈላስፋ

የስቶይኮች ፍልስፍና መሥራች የኪቲየሙ ዜኖ ራሱ በይሉኝታ የተያዘ ሰው ነበር። ከቆጵሮስ የመጣ ነጋዴ ሲሆን፣ መርከቡ ከሰጠመ በኋላ በአቴንስ ክራቴስ የተባለ ፈላስፋ ደቀ መዝሙር ሆነ። የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጀነስ ሌርቲየስ እንደሚተርከው፣ ክራቴስ የተማሪውን ዓይን አፋርነት አይቶ በምስር ሾርባ የተሞላ ድስት አሸከመውና በሕዝብ መካከል እንዲያልፍ አዘዘው። ዜኖ አፍሮ ድስቱን ሊሸፍን ሲሞክር ክራቴስ በበትሩ መትቶ ሰበረው። ሾርባው በእግሩ ላይ ሲፈስስ ዜኖ ሸሸ፤ መምህሩ ደግሞ ምንም ክፉ ነገር እንዳልደረሰበት ከኋላው ጮኾ ነገረው።

ቀልድ ቢመስልም በውስጡ አንድ ሙከራ አለ። ዜኖ ሰዎች ካዩኝ አንድ ከባድ ነገር ይደርስብኛል ብሎ ተንብዮ ነበር። ሰዎች አዩት፤ የተነበየው ግን አልደረሰም።

ከእርሱ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በባርነት ያደገው ኤፒክቴተስ ትምህርቱን በአንድ ክፍፍል አጠቃለለው፤ በእጃችን ያለና በእጃችን የሌለ። በእጃችን ያሉት ፍርዳችን፣ ፍላጎታችንና ምርጫችን ናቸው። በእጃችን ከሌሉት መካከል ደግሞ አካልን፣ ንብረትንና ሥልጣንን ሲቆጥር ዝናንም በስሙ ጠርቶ አስገብቶታል። ሌሎች ስለ እኛ የሚያስቡት በእነርሱ ጭንቅላት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው፤ እኛ ልናቀርብለት የምንችለው ግብአት እንጂ ልንቆጣጠረው የምንችለው ውጤት አይደለም። ስቶይኮች ቀስተኛን በምሳሌነት ያነሣሉ። ማነጣጠርና ቀስቱን በአግባቡ መሳብ የቀስተኛው ድርሻ ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ ነፋስ ቢነሣ ግን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 ሮምን የገዛው ማርከስ ኦሬሊየስ በግል ማስታወሻው ላይ ያሰፈረው ግርምትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እያንዳንዱ ሰው ከሌላው ሁሉ አብልጦ ራሱን ይወዳል፤ ስለ ራሱ ሲሆን ግን ከራሱ ፍርድ ይልቅ የሌሎችን ፍርድ ያከብራል። ይህን የጻፈው በምድር ላይ ከማንም በላይ ይሞገስ የነበረ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ብዙዎች ስቶይኮችን የሚያውቁት እስከዚህ ድረስ ነው። የተዘነጋው ክፍል ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመናል። ኤፒክቴተስ ዝናን ከእጃችን የወጣ ነው ሲል፣ የሐፍረትን ስሜት ግን ከሰው ታላላቅ ሀብቶች መካከል ይቆጥረዋል። በግሪክኛ አይዶስ ይባላል፤ ክፉ ከማድረግ በፊት የሚመጣ፣ ለራስና ለሌላው ክብር ያለው ሐፍረት ነው። በአማርኛ “ጨዋነት” ወይም “ይሉኝታ አለው” ስንል በምስጋና የምንለው ይህን ነው። ሮማዊው ካቶ ልዩነቱን በተግባር ይለማመድ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፏል። ደማቅ ቀይ በሚወደድበት ዘመን ጥቁር ይለብስ፣ ያለ ጫማም በአደባባይ ይታይ ነበር። ዓላማው ታዋቂነት አልነበረም፤ በእውነት በሚያሳፍረው ብቻ ማፈርን ለመማር ነበር።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም። የግሪክ ጠቢባን አባባሎችን የያዘው “መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን” በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሷል። መጽሐፉን ለዓለም ያስተዋወቁት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር ናቸው። የገዳም አባቶችም ሰው እንዲያየውና እንዲያመሰግነው መልካም የሚሠራ ሰው የተያዘበትን ደዌ “ውዳሴ ከንቱ” ብለው ይጠሩታል።

ከፍልስፍና ወደ ሕክምና

የጥንቱን ሐሳብ ወደ ሕክምና ክፍል ካስገቡት አንዱ የኒው ዮርኩ አልበርት ኤሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የጀመረው ሕክምና ሰው በነገሮች ሳይሆን ለነገሮቹ በሚሰጠው ፍርድ ይታወካል በሚለው የኤፒክቴተስ አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው። ኤሊስ ደጋግሞ እንደተረከው፣ በ19 ዓመቱ ሴት ማነጋገር እጅግ ይፈራ ስለነበር በአንድ ወር ውስጥ በአንድ የአትክልት ሥፍራ ለመቶ ያህል ሴቶች ንግግር ከፈተ። ያገኘው ቀጠሮ አንድ ብቻ ሲሆን እርሷም ቀረች። ማንም ግን አልሰደበውም፣ ፖሊስም አልጠራበትም፤ ፍርሃቱም ለቀቀው። አሮን ቤክና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ድባቴ ሕክምና ባሳተሙት መጽሐፍ የዘዴያቸውን የፍልስፍና መነሻ ከስቶይኮች ጀምረዋል።

ሦስተኛዋ ወደ ሲያትል ትመልሰናለች። የቢከን ሂል የባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ፤ መሳፈሪያው ከመሬት በታች 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ስለሆነ ተሳፋሪ የሚወርደው በአሳንሰር ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ባቡር የያዘ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። ፕሮፌሰር ማርሻ ሊነሃን ዲያሌክቲካል የባህርይ ሕክምና የተባለውን ዘዴ ያዳበሩትና የመጀመሪያውን የንጽጽር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት እዚህ ነው። መነሻቸው የባህርይ ሳይንስና የጃፓን ዜን ተመስጦ እንጂ የግሪክ ፍልስፍና አልነበረም። ስለ ሐፍረት የደረሱበት ግን ከካቶ ጋር ይገጥማል።

በዚህ ሕክምና ታካሚው ሐፍረት ሲሰማው መጀመሪያ ሐቁን ይመረምራል፦ ያደረግሁት ነገር የራሴን የሥነ ምግባር መርሕ ጥሷል ወይ? ከጣሰ ሐፍረቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ መልሱም ይቅርታ መጠየቅና ጉዳቱን መካስ ነው። ካልጣሰ ግን ሐፍረቱ የሚገፋፋውን ተቃራኒ ያደርጋል። ሐፍረት ተደበቅ ሲለው ቀና ብሎ ይታያል፤ የደበቀውንም ለሚያምነው ሰው ይናገራል፤ ፍርሃቱ እስኪበርድም ይደጋግመዋል።

ሊነሃን ይህን ራሳቸው ኖረውታል። እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ68 ዓመታቸው፣ በ17 ዓመታቸው ራሳቸውን ይጎዱ እንደነበርና በኮነቲከት ግዛት በአእምሮ ሕክምና ተቋም ከሁለት ዓመት በላይ ተኝተው እንደታከሙ በአደባባይ ተናገሩ። የተናገሩትም በዚያው ተቋም ነበር። በዓለም የታወቀች ሳይንቲስት ለግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ ከአደባባይ የያዘችውን ምስጢር ስትገልጥ፣ “ሰው ምን ይለኛል?” ማዕረግ የማይመልሰው ጥያቄ መሆኑን እንረዳለን።

ሁለት ሰዎች፣ አንድ መራቅ

ዘዴውን በምሳሌ እንፈትሸው። ሁለት ሰዎች ከአገር ልጆች ስብሰባ መቅረት ጀመሩ እንበል። አንደኛው በአገሩ የሕንጻ መሐንዲስ የነበረ፣ አሁን መኪና በማቆሚያ ሥፍራ የሚሠራ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች ሥራውን እንዳይጠይቁት ይሸሻል። ሁለተኛው የእቁብ ዕጣ ቀድሞ ደርሶት ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ መክፈል ያቆመ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነው፤ ስልክ አያነሡም፣ በሌላ መንገድ ይዞራሉ። ሁለቱም “ይሉኝታ ያዘኝ” ይላሉ።

ሁለተኛውን “የሰው አስተያየት አያስጨንቅህ” ብሎ መምከር ፍልስፍናን ለእምነት ማጉደል መሸፈኛ ማድረግ ነው። የእርሱ ሐፍረት ትክክል ነው፤ መድኃኒቱም ወደ እቁቡ ዳኛ ሄዶ “ይህን ያህል አለብኝ፣ በዚህ ጊዜ እከፍላለሁ” ማለት ነው። አንደኛው ግን ማንንም አልበደለም። በላቡ ያድራል፤ ልጆቹን ያሳድጋል። የእርሱ ሕክምና የዜኖ ድስት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይገኝ፤ ሲጠየቅም ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ከመሄዱ በፊት “ስንት ሰው ይጠይቀኛል? ስንቱስ ይንቀኛል?” የሚለውን ግምቱን በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሲመለስ ከሆነው ጋር ያስተያየው። መለኪያ የሚታረመው በምክር ሳይሆን እንዲህ በተደጋጋሚ ከእውነታ ጋር በማመሳከር ነው።

በእርግጥ የሚንቀው አይጠፋ ይሆናል። ስቶይኮች ሁሉም ይወድሃል ብለው ቃል አልገቡም። ያ ንቀት የናቂው ፍርድ ነው፤ የመሐንዲሱ ድርሻ ሥራውንና ቃሉን መጠበቅ ነው።

ሆድ ይፍጀው አይደለም

ስቶይክ መሆን ስሜትን ውጦ ዝም ማለት ይመስላቸዋል፤ እኛ “ሆድ ይፍጀው” የምንለው ዓይነት። የጄምስ ግሮስ እ.ኤ.አ. የ1998 ሙከራ ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። ተሳታፊዎች የሚሰቀጥጥ የቀዶ ሕክምና ፊልም ሲመለከቱ፣ ገሚሶቹ ስሜታቸውን በፊታቸው ላይ እንዳያሳዩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ፊልሙን በሌላ ዓይን እንዲያዩት ታዘዙ። ስሜታቸውን የደበቁት መጸየፋቸው አልቀነሰም፤ አካላቸው እንዲያውም ይበልጥ ተወጠረ። አመለካከታቸውን የለወጡት ግን የተሰማቸው ስሜት ራሱ ቀነሰ። ኤፒክቴተስ የሚያስተምረው ሁለተኛውን ነው።

ወሰኖቹንም መናገር ያስፈልጋል። የሌሎች ፍርድ አንዳንዴ ከአስተያየት ያልፋል፤ ሥራ የሚያሳጣ መድልዎ ወይም ስም ማጥፋት ሲሆን መብትን በሕግ መጠየቅ ስቶይክ ከመሆን ጋር አይጋጭም። ከሰው ጋር መብላት፣ በስብሰባ መናገር ወይም ከቤት መውጣት የሚያቅተው ሰው ደግሞ የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ሕመሙ ሕክምና አለው፤ በመጽሐፍ ብቻ እንዲወጣው መጠበቅም ተገቢ አይደለም። ድባቴ ያለበትን ሰው ከሐኪም የሚያርቀው “እብድ ይሉኛል” የሚለው ፍርሃት ከሆነ፣ ይሉኝታ በዚያች ሰዓት ሕይወት ያስከፍላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ “ሰው ምን ይለኛል?” የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ ከመልሱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይቅደም፦ የበደልሁት ሰው አለ? ካለ፣ ወደ እርሱ ነው መሄድ። ከሌለ፣ ድስቱን ሳይሸፍኑ በአደባባይ ማለፍ ነው።